አርባኛዋ ላም

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሳሁ። ፊቴን ታጥቤ፣ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ፣ የባሌን ቦቲ ጫማ አድርጌ ወደ በረት ወጣሁ። ቦቲው ስለሚሰፋኝ ጫፉ ላይ ጨርቅ ጠቅጥቄበታለሁ። ቦቃ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ጥቁር ኮርማ ነው፤ ግንባሩ ላይ መዳፍ የሚያህል ነጭ አለው፤ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። ፉርሽካ ከፋጉሎ ጋር ለውሼ ገንዳው ውስጥ አደረግሁለት። ሁለት ባልዲ ውሃ ቀዳሁ። እበቱን በአካፋ ጠርጌ ከግቢው ጥግ ከመርኩት። ከዚያ ሻይ አፍልቼ ከትናንት ዳቦ ጋር ጠጣሁ። የማስተምረው በከሰዓቱ ፈረቃ ስለሆነ የዘጠነኛ ክፍል የባዮሎጂ ደብተሮች ይዤ በረንዳ ላይ ተቀመጥኩ።

ሦስት ሰዓት ገደማ ከበሩ ውጭ ላም ጮኸች። መስቀል ካለፈ አምስተኛው ቀን ነበር፤ 2011 ዓመተ ምሕረት፤ ማክሰኞ።

ማክሰኞ መሆኑን የምጠቅሰው ያለ ምክንያት አይደለም። በባሌ በሌንጂሳ ሕግ ማክሰኞ ኮርማው አይነካም። ሌንጂሳ የእንስሳት እርባታ ባለሙያ ነበር፤ ጊንጪ ዳር፣ ወደ ጭልሞ ጫካ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለው ግቢያችን የከብት አርቢዎች ማኅበሩን ኮርማ የሚይዘው እሱ ነበር። ማኅበሩ አሥራ ሁለት አባወራ አለው፤ ኮርማው የእነሱ ነው፤ ግን ለጎረቤት ገበሬ አይከለክሉም። ዝናቡ ቆሞ ላሞች ሣር ሲጠግቡ ኮርማ መፈለግ ይጀምራሉ፤ ከመስቀል እስከ ገና ሰው ላሙን እየጎተተ ይመጣል።

ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ፣ በቀን አንዲት ላም። በቀሩት ቀናት ሌንጂሳ ከበሩ ምሰሶ ላይ አሮጌ የጠፍር ገመድ ይሰቅላል። ገመዱ ከሩቅ ይታያል። ላም የያዘ ሰው ከመንገዱ መታጠፊያ ላይ ሆኖ አይቶት ይመለሳል፤ ከተጠጋም ሌንጂሳ ወጥቶ ይቀልድበታል።

"ማሎ፣ እባክህ ሌንጂሳ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። እሱ እንደሆነ አይደክመውም!"

"እሱ አይደክመውም። ዘሩ ነው የሚደክመው። ዛሬ ብትወስድ ውሃ ነው የምትወስደው፤ ውሃ ከፈለግህ ወንዙ እዚያ አለልህ።"

ሰውየው እየሳቀ ወይም እየተራገመ ይሄዳል። ላም ካልያዘች በሃያ አንድ ቀን ተመልሳ ኮርማ ትፈልጋለች፤ ስለዚህ የተመለሰ ሰው የሚያጣው ሦስት ሳምንት ነው። በደከመ ኮርማ ደጋግማ በከንቱ የተጠቃች ላም ግን ወቅቱ ሲያልፍ ባዶዋን ትቀራለች፤ ዓመቱን ጥጃም ወተትም የለም።

በተጋባን በመጀመሪያው ዓመት፣ "አንድ ኮርማ በአንድ ወቅት ስንት ላም ይችላል?" ብዬ ጠይቄው ነበር። እኔ ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ባዮሎጂ እንጂ ከብት አይደለም።

"ከመንጋ ጋር ሜዳ ላይ ከተለቀቀ ሃያ አምስት። ወጣት ከሆነ የዚያ ግማሽ። በደንብ እየበላ፣ በእጅ እየተመራ፣ እያረፈ ከሆነ ከመስቀል እስከ ገና አርባ።"

"አርባ አንደኛዋስ?"

"አርባ አንደኛዋን ተያት፤ አርባኛዋም ላም እንኳ ጥጃ ማግኘቷን እጠራጠራለሁ።"

ከዚያ ባዶ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ አመጣ። አርባ ሽምብራ ቆጥሮ ጨመረበትና በደረሰበት ቦታ ላይ በእኔ የጥፍር ቀለም ቀይ መስመር አሰመረ። በየዓመቱ መስቀል ላይ ጠርሙሱን ባዶ ያደርገዋል፤ ላም በመጣች ቁጥር አንዲት ሽምብራ ይጨምራል። ከመስመሩ አልፎ አያውቅም።

ሌንጂሳ ጥር ላይ ሞተ። ስለዚያ ብዙ አልጽፍም።

እስከ አርባው ቤቱ ሰው አልጎደለውም። ከአርባው በኋላ ወንበሮቹን ለእድር መለስን፤ ልጃችን ሴና ወደ ጅማ፣ ወደ ትምህርቷ ተመለሰች፤ እሁድ እሁድ ትደውላለች። በቀረው ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ በሩን ራሴ ከፍቼ ራሴ እዘጋለሁ። የማኅበሩ ሊቀመንበር ኦቦ ቶሌራ ኮርማውን ወደሌላ ቤት ሊያዛውሩት አስበው ነበር፤ "እኔ እይዘዋለሁ፤ ሲይዝ አይቻለሁ" አልኳቸው። ጢማቸውን እያሻሹ አዩኝና እሺ አሉ።

እንግዲህ በዚያ ማክሰኞ ገመዱ መሰቀል ነበረበት። እውነቱን ለመናገር ረስቼው ነበር፤ የመጀመሪያዋ ላም ነበረች። በሩን ስከፍት ገመቺስ ቆሟል። ገመቺስ ድሮ ጀልዱ ከሌንጂሳ ጋር የሠራ፣ አሁን ከብት የሚያረባ ሰው ነው። ቀይ ላሙን ይዟል።

"አካም ቡልቴ፣ ቲቸር? እንደምን አደርሽ?" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ለቅሶ አልደረስኩም። ነቀምት ሆስፒታል ወንድሜን ይዤ ነበር። ላም ይዤ መምጣቴ ያሳፍራል፤ ግን ሁለቱም አንድ ላይ ሆነብኝ።"

ለቅሶ ሊደርስ የመጣን ሰው ከበር መመለስ አይቻልም። እንዲህ ያለ ነገር በአገራችን አልተሰማም። ላሟን ከአጥሩ አስረን ወንበር አወጣሁለት። እግዚአብሔር ያጽናሽ አለኝ።  ከዚያ በድንገት ሳቅ አለ።

"ውሻ ይፈራ እንደነበር ታውቂያለሽ አይደል?"

"ማን?"

"ሌንጂሳ ነዋ! ጀልዱ ሳለን አንዲት ቡችላ፣ ይህችን የምታክል፣ አሯሯጠችው። አጥር ላይ ወጥቶ ቀረ። ባለቤቷ ወይዘሮ መጥታ ቡችላዋን በክንዷ አቅፋ 'ውረድ፣ ዶክተር' አለችው። አልወርድም አለ!"

አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብረን ስንኖር ውሻ አልነበረንም። ውሻ ኮርማውን ያስበረግገዋል ይለኝ ነበር። ሳቅሁ። ከጥር ወዲህ በዚያ ግቢ ድምፅ አውጥቼ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነበር። ስለ እሱ አዲስ ነገር መስማት የሚቻል አልመሰለኝም ነበር፤ ከእሱ የቀረኝ የማውቀው ብቻ ነው ብዬ አስቤ ነበር።

ሌንጂሳ ከባሕር ዛፍ በሠራው ጠባብ አጥር ውስጥ ላሟን አስገባን። ቦቃን ከአፍንጫው ቀለበት ይዤ አመጣሁት። ጊዜ አልፈጀም። ገመቺስ ሲሄድ አንዲት ሽምብራ ጠርሙሱ ውስጥ ጣልኩ።

በማግስቱ ገመዱን አልሰቀልኩትም፤ ረቡዕ ነበርና። ሐሙስም አልሰቀልኩትም። ሐሙስ ግን አልረሳሁም። በእጄ ይዤው ከበሩ አጠገብ ጥቂት ቆምኩና መልሼ ከመኝታ ቤቱ በር ጀርባ አንጠለጠልኩት።

ሰው መምጣት ጀመረ። ገመድ የለም የሚለው ወሬ ሳምንት ሳይሞላ ጭልሞ ደረሰ። ከሩቅ የሚመጣው አብዛኛው ለቅሶ ያልደረሰ ነበር፤ ክረምቱ መንገድ ዘግቶበት፣ ወይ ዘግይቶ ሰምቶ። ላሙን አስሮ ይቀመጣል፤ ነፍስ ይማር ይላል፤ ከዚያ ይናገራል። አንዲት ሴት ሌንጂሳ ምጥ የጠናባትን ላሟን ሲያዋልድ ይዘፍን እንደነበር ነገረችኝ። "ድምፁ አያምርም ነበር" አለች፤ "ላሟ ግን ጆሮዋን ቀስራ ትሰማው ነበር።" አንድ ሽማግሌ ከጋቢያቸው ሥር ጥቁር ጃንጥላ አወጡ። ከሦስት ዓመት በፊት በዝናብ ሰጥቷቸው ራሱ እየተደበደበ እንደሄደ፣ ሊመልሱ ሲያስቡ እንደከረሙ ነገሩኝ። ያን ጃንጥላ ጣልከው ብዬ ሳምንት ሙሉ ተቆጥቼው ነበር። ሰጠሁ አላለኝም። ጠፋ ነው ያለኝ።

በቀን ሁለት ላም፣ አንዳንድ ቀን ሦስት። ፈረቃዬ ሰባት ሰዓት ስለሚጀምር እስከ ስድስት ሰዓት ግቢዬ ሰው ነበረበት። እየሮጥኩ ትምህርት ቤት ስደርስ ቀሚሴ ላይ ድርቆሽ ይገኛል። ተማሪዎቼን ስለ ዘር ሕዋስ አስተምር ነበር፤ ሰሌዳው ላይ የምጽፈውን አውቀዋለሁ። በጥቅምት መጀመሪያ ሽምብራው ወደ ቀዩ መስመር ተጠጋ። ጠርሙሱን ከመስኮቱ አንስቼ ቁም ሣጥን ውስጥ አስገባሁት።

ጥቅምት ዘጠኝ፣ ዓርብ፣ እትዬ ደስታነሽ መጡ። ጭልሞ ጫካ ጥግ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው፤ ስድሳውን ያለፉ ይመስለኛል። ያላቸው አንዲት ላም ናት፤ ዳለቻ፤ ቀንዷ ወደ ውስጥ የዞረ። ቅቤዋን ሸጠው ይኖራሉ። ሌላ ሰው ተቀምጦ ያወራኝ ስለነበር ዳር ላይ ቆመው ጠበቁ። በዚያ ቀን ሦስተኛ ነበሩ። ቦቃ ትንሽ አመነታና ላሟ ላይ ወጣ።

"ትይዛለች?" አሉኝ። ስለ ሌንጂሳ ምንም አላሉም።

"ትይዛለች፣ እትዬ።"

"ካልያዘች የእህቴ ልጅ ለሥጋ እንሽጣት ብሎኛል። ባዶ ላም ምን ያበላታል ይላል። እውነቱን ነው፤ ድርቆሹን የሚያጭድልኝ እሱ ነው። እስከ ገና እጠብቃለሁ ብሏል።"

"ትይዛለች" አልኳቸው ደግሜ። የማላውቀውን ነገር እንደማውቀው አድርጌ ተናገርኩ።

በዚያው ሰሞን ኦቦ ቶሌራ ብቅ አሉ። ላም አልያዙም። የበሩን ምሰሶ አዩት፣ ሚስማሩን በጣታቸው ነካ አደረጉት።

"ቲቸር፣ ገመዱ የት ሄደ?"

"አጥቤ አስጥቼዋለሁ።"

"ገመድ ይታጠባል እንዴ?"

"ቆሽሾ ነበር።"

ልብስ ማስጫው ላይ ምንም አልነበረም። አዩና አለፉት። "የተማረ ቤት ነው፤ ገመድም ያጥባል። እኔ ቤት ጋቢዬም ከፋሲካ ወዲህ አልታጠበም።" ወደ በረቱ ሄደው ቦቃን ከጎኑ ዳበሱት። የጎድን አጥንቱ መታየት ጀምሯል። "ከስቷል። ሌንጂሳ ቢኖር እኮ..."

"ሌንጂሳ የለም፣ ኦቦ ቶሌራ።"

 ባርኔጣቸውን አነሱና ይቅርታ ጠየቁኝ። ጥፋተኛዋ እኔ ሆኜ ሳለ ይቅርታ የጠየቁት እሳቸው ናቸው፤ እኔም ተቀበልኩ። በዚያን ቀን ከሠራሁት ሁሉ እስከ ዛሬ የሚቆረቁረኝ ይህ ነው።

ጥቅምት ሠላሳ፣ ዓርብ፣ እትዬ ደስታነሽ ተመለሱ። ዳለቻ አልያዘችም። "አንዳንዴ እንዲህ ያደርጋታል" አልኩ። ቦቃ ትናንት ሦስት፣ ከትናንት በስቲያ ሁለት ላም ነበረው። ብዙ ቆይቶ ነው የወጣው። አሮጊቷ ላሟን እየነዱ ሲሄዱ በበሩ በኩል ሌላ ሰው ይገባ ነበር፤ እኔም ወደ እሱ ዞርኩ። ሌንጂሳ በመጀመሪያ ደመወዙ ምን እንደገዛ ሊነግረኝ ነበር። ለአባቱ ራዲዮ ነው የገዛው።

ኅዳር ላይ የተመለሱ ላሞች በዙ። ሰዎቹ ምንም አላሉኝም። "እንግዲህ ያው ናት" ይላሉ፤ ይቀመጣሉ። ሁለተኛ ጊዜ የመጣ ሰው ግን ስለ ሌንጂሳ የሚነግረኝ ብዙ አልነበረውም። የነገረኝን ይደግመዋል፤ ወይም ስለ ስንዴ ያወራል። እኔ ግን እሰማ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ጠርሙሱን ከቁም ሣጥን አውጥቼ አየሁት። ሽምብራው የቀዩን መስመር እጥፍ አልፏል። ሽምብራዎቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግፌ ቆጠርኩ። ሰማንያ አራት።

ኅዳር ሃያ አንድ የጽዮን ማርያም ቀን ነው። ቤተ ክርስቲያን ደርሼ ስመለስ ሁለት ሰው ጠበቀኝ፤ ሁለቱንም አስተናገድኩ። አራት ሰዓት ላይ እትዬ ደስታነሽ ነጠላቸውን እንዳጣፉ፣ ዳለቻን እየጎተቱ ገቡ። ሦስተኛ ጊዜያቸው ነው። ላሟን አጥሩ ውስጥ አስገባናት። ቦቃን አመጣሁት። አጠገቧ ቆመ። አንገቱን ዘርግቶ አሸተታት። ከዚያ ፊቱን አዞረና መሬት መሬት እያየ ቀረ። ቀለበቱን ሳብ አደረግሁ፤ አልተነቃነቀም። ጭኑ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ቀለበቱን ለቀቅሁት።

"ተዪው" አሉ እትዬ ደስታነሽ። "ይቅር። ደክሞታል።"

ወንበር ሰጠኋቸው። ውሃ አመጣሁላቸው። ጠጡና አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ አብሰው ላማቸውን አዩአት።

"ይህችን ላም የሰጠኝ ባልሽ ነው" አሉ።

"ሰጠዎት?"

"መስጠት አይደለም። ከቦቃ በፊት በነበረው ኮርማ ጊዜ ነው። እናቷን ይዤ መጣሁ፤ ከጭልሞ እስከዚህ። ከመታጠፊያው ሳይ ገመድ ተሰቅሏል። እንዳላየሁ ሆኜ መጣሁ። ባልሽ ወጣ። አለቀስኩበት። ሰደብኩት፤ አንቺ ፊት የማልደግመው ስድብ። 'እማማ፣ ዛሬ ብሰጥዎት ይቀየሙኛል፤ ዛሬ ብመልስዎትም ይቀየሙኛል፤ ጥጃ ይዘው ይቀየሙኝ' አለኝ። እስከ መታጠፊያው ሸኘኝ። በሃያ አንድ ቀን ተመለስኩ፤ ያዘች። ይህችን ወለደች።" ብርጭቆውን መለሱልኝ። "ይህን ልነግርሽ መጀመሪያ የመጣሁ ቀን አስቤ ነበር። ሰው በዝቶብሽ ነበር።"

አልወቀሱኝም። ቢወቅሱኝ ይሻለኝ ነበር።

ሌንጂሳ ሰውን ከበር መመለስ የሚቀለው ሰው ይመስለኝ ነበር፤ ማታ ቀልዱን ስለሚያወራልኝ። ሸኝቶ እስከ መታጠፊያው ይሄድ እንደነበር አላውቅም። ያኔ የማስተምረው ጠዋት ነበር፤ በዚያ ሰዓት ክፍል ውስጥ ነበርኩ።

"እትዬ ደስታነሽ" አልኩ፤ "ዳለቻን በሃያ አንድ ቀን፣ ታኅሣሥ አሥራ ሁለት ያምጡልኝ። እስከዚያ ቦቃ ሌላ ላም አያይም። የእህትዎን ልጅ ገናን ያሳልፍ በሉት።"

"ሰዉስ?"

"ሰዉን እመልሰዋለሁ።"

አብሬያቸው እስከ መታጠፊያው ሄድኩ። ስመለስ ገመዱን ከመኝታ ቤቱ በር ጀርባ አውርጄ ምሰሶው ላይ ሰቀልኩት።

ሃያ አንድ ቀን ረጅም ነው። ጠዋት ጠዋት በረንዳ ላይ ደብተር ይዤ እቀመጣለሁ። መታጠፊያው ላይ ሰው ይታያል፤ ላም ከኋላው። ይቆማል። ገመዱን ያያል። ይመለሳል። አንዳንዱ ይጠጋና ይጠራኛል። እወጣለሁ፤ ቀልድ አላውቅበትም፤ "ኮርማው አይችልም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው" እላለሁ። እስከ መታጠፊያው እሸኛለሁ። በመንገድ ላይ ስለ ሌንጂሳ አይነግሩኝም። የተመለሰ ሰው ወሬ የለውም። እንደ ሌንጂሳ ቢሆን ኖሮ ያስቃቸው ነበር።

ለቦቃ ስናር ቆረጥኩለት፤ ፋጉሎውን ጨመርኩለት። በሁለተኛው ሳምንት ቆዳው ማብረቅ ጀመረ።

ታኅሣሥ ሦስት ቀን፣ ረቡዕ፣ ከበር ውጭ ድምፅ ሰማሁ።

"ሌንጂሳ! ኦቦ ሌንጂሳ! ያንተ ገመድ ዛሬም አለች? ረቡዕ እኮ ነው!"

እንዲህ ባለ ድምፅ፣ በሕይወት እንዳለ ሰው፣ ስሙ ሲጠራ ከሰማሁ አሥራ አንድ ወር ሆኖኝ ነበር። ደብተሩን አስቀምጬ ቶሎ አልተነሳሁም። ደግሞ እስኪጠራው ጠበቅሁ። ደግሞ ጠራው።

በሩን ስከፍት የማላውቀው ሰው ነው፤ ጊደር ይዟል፤ ፊቱ ሳቅ ብሏል።

"ሚስቱ ነሽ? ሁለት ዓመት ወለጋ ከርሜ አሁን ገባሁ። ጥሪልኝ፣ እባክሽ፤ የምነግረው ጉድ አለኝ።"

"የለም" አልኩ።

"ከተማ ወርዶ ነው?"

"አይደለም። ጥር ላይ ነው ያረፈው።"

ፊቱ ቀስ ብሎ ተለወጠ። ኮፍያውን አወለቀ። ጊደሯን ለቆ ሁለት እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ሰው አልነበረም፤ አሁን ግን፣ እዚያው ቆሞ፣ ለቅሶ እየደረሰ ነው። የሚነግረው ጉድ ነበረው። ወንበሮቹ በረንዳ ላይ ናቸው። ቦቃ በረቱ ውስጥ ጊደሯን አሽትቶ ያገሳል።

ላስገባው እችል ነበር። አንዲት ጊደር ናት።

"ኮርማው ለሌላ ሰው ቃል ተገብቶበታል" አልኩት። "በሃያ አንድ ቀን ይምጡ።"

"እሺ" አለ። ግን አልተንቀሳቀሰም። መሬት እያየ፣ "ለጊደሯ ብቻ አይደለም የመጣሁት" አለ።

"አውቃለሁ።"

እስከ መታጠፊያው ሸኘሁት። ልጠይቀው አልቻልኩም፤ ጊደሩን ከበር መልሼ ወሬውን ብቻ መጠየቅ ነውር መሰለኝ። እሱም ሐዘንተኛን በመንገድ ላይ ቆሞ ማጫወት ነውር መስሎታል መሰለኝ። "ገለቶሚ፤ አመሰግናለሁ" ብሎኝ ሄደ። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። ጉዱ ምን እንደነበረ አላውቅም።

ታኅሣሥ አሥራ ሁለት እትዬ ደስታነሽ በጠዋት መጡ። ቦቃ አላመነታም። አንድ ጊዜ፣ በደንብ። አሮጊቷ እልል ሊሉ አፋቸውን ከፍተው እኔን አይተው ተዉት።

"እልል ይበሉ፣ እትዬ" አልኳቸው።

ቀስ ብለው፣ በትንሽ ድምፅ፣ አንዴ እልል አሉ።

ማኅበሩ የተሰበሰበው ከገና በኋላ ነው፤ እኛው በረንዳ ላይ። ማንም ሳይጠይቀኝ ተነስቼ ተናገርኩ። ገመዱን ያልሰቀልኩት እኔ ነኝ፤ ረስቼ አይደለም፤ ሰው እንዲመጣልኝ ነው አልኩ። ማንም ቀና ብሎ አላየኝም። በመጨረሻ አባል ባይሆንም የተጠራው ገመቺስ ተናገረ።

"ቲቸር፣ ክፍል ውስጥ ሰማንያ ተማሪ ሲመደብብሽ ለማን ነው የምትጮኺው? ለርእሰ መምህሩ። ቦቃ ለማን ይጩህ?"

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። የእሱ ቀይ ላም ይዛለች፤ የመጀመሪያዋ ናትና። የኦቦ ቶሌራ ሁለት ላሞች ግን ባዶ ናቸው፤ እሳቸው ያን አላነሱም። "የቦቃ ሴት ልጆችም ደርሰዋል" አሉ በለስላሳ ድምፅ። "አባት ልጁ ላይ እንዳይወጣ ኮርማ በሦስት ዓመት ይቀየራል፤ ሕጉ ነው። ለማንኛውም መሄዱ አይቀርም ነበር። እጃጂ ያለው ማኅበር ኮርማ ይፈልጋል። እኛ ደግሞ ለጊዜው ቴክኒሻኑን በስልክ እየጠራን በሰው ሠራሽ ዘዴ እናስጠቃለን። በሞተር ሳይክል እስከ ቤት ድረስ ይመጣል አሉ።"

ለእኔ ክብር ሲሉ እንዲህ አድርገው ነው ያቀረቡት። እሺ አልኩ።

የካቲት መጀመሪያ ላይ አይሱዙ መጣ። ቦቃ ከሌላ ሰው ጋር አልወጣም ስላለ ቀለበቱን ይዤ እኔው አወጣሁት። መኪናው ላይ ፊቱን ወደ አምቦ መንገድ አዙሮ ቆመ። ኦቦ ቶሌራ ከሾፌሩ አጠገብ ገቡ። እስከ መታጠፊያው በእግሬ ተከተልኳቸው።

ከዚያ በኋላ ቴክኒሻኑ በየቤቱ እየዞረ ላሞቹን መረመረ። ወደ ቦቃ ከቀረቡት ውስጥ የያዙት አርባ አንድ ናቸው። ከዳለቻ ጋር አርባ ሁለት። ሌንጂሳ በሁለት ተሳስቷል። ብነግረው ይከራከረኝ ነበር፤ ሁለቱ የሌላ ኮርማ ናቸው ይለኝ ነበር። ዳለቻ መስከረም ላይ ወለደች፤ ወንድ ጥጃ ነው፤ ግንባሩ ነጭ። እትዬ ደስታነሽ ጥቅምት ላይ በቅል ወተት ይዘውልኝ መጡ። በረንዳ ላይ ተቀምጠን ጠጣን። ስለ ሌንጂሳ የሚያውቁት ያን አንዱን ነገር ብቻ ነው፤ እሱንም ነግረውኛል።

አሁንም ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እነሳለሁ። የምለውሰው ፉርሽካ የለም፤ ቦቲውን አጥቤ ከአልጋው ሥር አስቀምጬዋለሁ። ሻይ አፍልቼ ደብተር ይዤ በረንዳ ላይ እቀመጣለሁ። ሰዎች ላሞቻቸውን ይዘው በመታጠፊያው በኩል ወደ ግጦሽ ያልፋሉ፤ እጃቸውን ያነሱልኛል፤ እኔም አነሳለሁ። ገመዱን ከምሰሶው አውርጄዋለሁ፤ ሚስማሩ ብቻ ቀርቷል። በረቱ ባዶ ነው። ከበሩ ውጭ ቆሞ ሌንጂሳን በስሙ የሚጠራ ሰው የለም።